የፈጠራው ማግስት

(በአንድ የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ጥጉ ጋ ቦታ አለ። ስለ መጽሐፍ ለማውራት ይኼን ያህል ሰው ሲመጣ ማየት ደስ ይላል። አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሴ ቀደምት የሳይንስ ልብወለዶች ናቸው። ይኼን ስነግረው አንድ ወዳጄ «አሃ! ስለ ሮቦትና ስለ ማርስ ልታወራልን ነዋ» አለኝ። ሮቦትም አለ። ማርስም አለች። ግን ብዙውን ሰዓት የምወስደው ሥራውን ጥሎ ስለተኛ ሰው፣ እያወቀ ዝም ስላለ ሰው፣ ቼክ ፈርሞ ስለተገላገለ ሰው በማውራት ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ የታሪኮቹን መጨረሻ እነግራችኋለሁ። ላላነበባችሁ ይቅርታ፤ ግን ለአብዛኞቹ መቶ ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራችሁ!

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እነዚህን ታሪኮች ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ማሽኑ ሲሠራ፣ መድኃኒቱ ሲቀመም፣ ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ብዙ ጊዜ ገና ማንም አልተጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በማግስቱ። ሠሪው በማግስቱ ምን አደረገ? አጠገቡ የነበረው ሰውስ ምን አደረገ? ይኼን ጥያቄ ያዙልኝና ተከተሉኝ።

የመጀመሪያው ነጥቤ ስለ መሸሽ ነው። ረጅሙም እሱ ነው፤ ታገሡኝ።

በ1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር ታምቦራ የሚባል ተራራ ፈነዳ። አመዱ ሰማይ ላይ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ውስጥ በጋ የሚባል ነገር ጠፋ። ብርድ፣ ዝናብ፣ ጭጋግ ብቻ። በዚያ ዓመት ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ጥቂት ወጣት እንግሊዛውያን ዝናቡ ቤት ዘጋባቸው። ከነሱ መሐል ገጣሚው ሎርድ ባይረን ነበር። «እስቲ እያንዳንዳችን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ» አለ። ከተሰበሰቡት አንዷ ሜሪ ነበረች፤ ኋላ ሜሪ ሼሊ የምንላት። ዕድሜዋ 18። ስመ ጥሩዎቹ ገጣሚዎች ጀምረው ተዉት። እሷ ጻፈችው። በ1818 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ታተመ። 500 ቅጂ ብቻ። የደራሲዋ ስም እንኳ አልነበረበትም።

ዛሬ «ፍራንከንስታይን» ሲባል ለብዙ ሰው ድቅን የሚልበት ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት ጭራቅ ነው። ያ መልክ በ1931 ከወጣው ፊልም የመጣ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን፤ ገና ወጣት ተማሪ። ፍጡሩ ስም የለውም። ይኼን አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ያቺን ሌሊት ልንገራችሁ። ኅዳር ነው። ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ሻማው ሊያልቅ ነው። ቪክቶር ሁለት ዓመት ገደማ እንቅልፍ አጥቶ ለፍቷል። በዚያች ደብዛዛ ብርሃን ፍጡሩ ቢጫ ዓይኑን ገለጠ። ተነፈሰ። ተንቀሳቀሰ። እና ቪክቶር ምን አደረገ? ሮጦ መኝታ ቤቱ ገባ። ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ከዚያ ከነልብሱ አልጋው ላይ ወደቀና ተኛ።

ተኛ! ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ጎረቤት ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እየሳበ፣ እሱ ተኛ።

ሲነቃ ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሞ ያየዋል። አፉን ይከፍታል። ቃል ያልሆነ ድምፅ ያሰማል። ጉንጩ በፈገግታ ይሸበሸባል። አንድ እጁን ይዘረጋል። ቪክቶር ይኼን «ሊይዘኝ ነው» ብሎ ተረጎመው፤ ፈትለክ ብሎ ደረጃውን ወረደ። እናንተስ ምን ብላችሁ ትተረጉሙታላችሁ? ዓይኑን ከገለጠ ጥቂት ሰዓት ያልሞላው፣ መናገር የማይችል፣ ፈገግ እያለ እጁን የሚዘረጋ ፍጡር ሌላ ቦታ አይታችሁ አታውቁም? ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ቪክቶር ከጓደኛው ጋር ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩን እየፈራ ከፈተ። ክፍሉ ባዶ ነው። ፍጡሩ ሄዷል። ቪክቶር ከደስታ ብዛት እጁን አጨበጨበ! ይኼ የኔ ማሳመሪያ አይደለም፤ መጽሐፉ ላይ አለ። «የት ሄደ? ምን በላ? በዚህ ብርድ ምን ለበሰ?» የሚል ጥያቄ አልመጣበትም።

ይኼን ታሪክ አንድ ማታ ለአክስቴ አጫወትኳት። አክስቴ ልብወለድ አንብባ አታውቅም። የራሷንም የሰውንም ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ሥራዋን እየሠራች ትሰማኛለች። ዓይኑ ስለ መገለጡ፣ እጁን ስለ መዘርጋቱ፣ ስለ ጭብጨባው ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ስሙን ማን አለው?» አለችኝ።

«ስም አላወጣለትም» አልኳት።

«እንዴ! ስም እንኳ ሳያወጣለት?»

«አላወጣለትም።»

«በቃ ተወው» አለችኝ። «የቀረውን አውቄዋለሁ።»

እውነትም አውቃዋለች። ስለዚህ ልብወለድ ብዙ ሂስ አንብቤአለሁ፤ የአክስቴን ያህል ቶሎ ልቡ ላይ የደረሰ ግን ትዝ አይለኝም። ሜሪ ሼሊም ነገሩን የምታውቀው ከቅርብ ነው። ወላጅ እናቷ እሷን በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞታለች። ራሷም በ1815 ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሕፃን ሞታባታለች። ልጅቷ በርዷት እንደነበረ፣ እሳት ዳር ሲያሿት ነፍስ ስትዘራ በሕልሟ አይታ ማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች። እንግዲህ የሞተ አካል ነፍስ ዘርቶ ሲነሳ የሚሸሽ ሰው ታሪክ የጻፈችው ይህቺ ሴት ናት።

ፍጡሩ ክፉ ሆኖ ነው የተፈጠረው? አይደለም። አንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ በግድግዳው ስንጥቅ እያያቸው ቋንቋ ይማራል። ሌሊት ሌሊት ማገዶ እየሰበሰበ ደጃቸው ላይ ያኖርላቸዋል። ማን እንደሚያመጣው አያውቁም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ ገባ። የገባውም ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። ሽማግሌው ደህና አድርገው አናገሩት። መልኩን አላዩማ! ልጆቻቸው ሲመለሱ አንዱ በዱላ ቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ። ፍጡሩ የቪክቶርን ትንሽ ወንድም ገደለ። የተከሰሰችው ግን ጀስቲን የምትባል ቤታቸው ያደገች ልጅ ናት። የሟቹ የአንገት ሐብል ኪሷ ውስጥ ተገኘ። ቪክቶር ገዳዩ ማን እንደሆነ ያውቃል። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። «ብናገር እብድ ነው ይሉኛል» አለ በልቡ። እውነቱን ነው፤ ይሉት ነበር። ግን ሞክሮታል? አልሞከረም። ጀስቲን ተሰቀለች። ቪክቶር ከዚያ በኋላ ስለ ጸጸቱ ገጽ በገጽ ያወራል። የሱ ስቃይ ከሷ እንደሚብስ ሁሉ ይነግረናል። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል። የሷ ስቃይ እኮ ገመድ ነበር!

ይኼ ሁሉ ሲሆን ቪክቶርን መፍረድ ቀላል ነው። ሼሊ ግን ቀላል ነገር ብቻ አልሰጠችንም። ፍጡሩ ተራራ ላይ ያገኘውና አንድ ነገር ይለምነዋል። «እንደኔ ያለች አንዲት ሴት ሥራልኝ። ሰው ወደሌለበት እንሄዳለን፤ ዳግም አታዩንም።» ቪክቶር እሺ ይላል። ሥራውን ይጀምራል። ሊጨርስ ሲል ያስባል። ቢዋለዱስ? የሰው ዘር ላይ ቢነሱስ? ደግሞ አንድ የማልረሳው ሐሳብ ያነሳል፤ እሷ ሳትፈጠር የተገባውን ውል ለምን ትቀበላለች? ፍጡሩ በመስኮት እያየው የጀመረውን አካል ቦጫጨቀው።

አንድ ጊዜ ይኼን ምዕራፍ ከወጣቶች ጋር አነበብን። «ልክ ነው ወይስ ጥፋት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ልጅ «ቃል ቃል ነው፤ ከፈጠርከው ዕዳ አለብህ» ይላል። አንዲት ልጅ ተነስታ «ማንም ሴት ለሰው ማባበያ ተብላ መፈጠር የለባትም» አለች። ሌላው ደግሞ «የሰው ዘር በአንድ ሰው ርኅራኄ ቁማር አይበላበትም» አለ። ሰዓቱ አልቆ የቤቱ ጠባቂ መብራት ሊያጠፋ ሲመጣ እሱም ቆሞ ሰማና ክርክሩ ውስጥ ገባ! እኔ እስከ ዛሬ ከልጅቷ ጎን ነኝ። ነገ ግን ሐሳቤን ልለውጥ እችላለሁ። 

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ አለመታየት ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን ፕላቶ አንድ ተረት ጽፏል። እረኛው ቀለበት ያገኛል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ይሰወራል። ምን አደረገ? ከንግሥቲቱ ጋር ተባብሮ ንጉሡን ገደለና ዙፋኑን ያዘ። ፕላቶ ውስጥ ጥያቄውን የሚያነሳው ሰው «ጻድቁም ሰው ይኼን ቀለበት ቢያገኝ ያው ነው» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ማንም የማያያችሁ አንድ ቀን ቢሰጣችሁ? አትመልሱልኝ! ባትመልሱልኝ ይሻላል።

በ1897 ኤች. ጂ. ዌልስ ይኼን ተረት ወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ አስገባው። «የማይታየው ሰው» ይባላል። ግሪፊን የተባለ ተመራማሪ አካሉን ብርሃን እንዲያልፍበት ያደርጋል። ዌልስ ሳይንስ የተማረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ያስቃል። ሰውየው አይታይም፤ ልብሱ ግን ይታያል። እንግዲህ በክረምት ብርድ ለንደን ውስጥ ራቁቱን መሄድ ሊኖርበት ነው! የበላው ምግብ እስኪዋሃደው ድረስ ሆዱ ውስጥ ይታያል። ውሻ ያሸተዋል። በረዶ ላይ ዱካው ይቀራል። ኃያል እሆናለሁ ብሎ ነበር፤ ጉንፋን ይዞት ያስነጥሰዋል።

ግሪፊን ግን ማግስቱን እንኳ አልጠበቀም። ምርምሩን ለመጨረስ ገና የሚታይ ሰው ሳለ አባቱን ዘረፈ። ገንዘቡ የአባቱ አልነበረም፤ የአደራ ነበር። አባትየው ራሱን ገደለ። ግሪፊን ቀብሩ ላይ ተገኘ፤ ቅንጣት ታህል እንዳላዘነም በኋላ ራሱ ይናገራል። ዌልስ እዚህ ጋ ፕላቶን የሚሞግተው ይመስለኛል። ቀለበቱ ሰውየውን አላበላሸውም። ሰውየው ቀለበቱን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ቀድሞ ብዙ መንገድ ሄዷል።

በመጨረሻ ሕዝብ ከቦ ቀጥቅጦ ገደለው። ሲሞት አካሉ ቀስ በቀስ መታየት ጀመረ። መጀመሪያ ነርቮቹ፣ ቀጥሎ አጥንቱና የደም ሥሮቹ፣ ከዚያ ሥጋውና ቆዳው። ራቁቱን የተዘረረ፣ የተሰባበረ አንድ ወጣት። ሕዝቡ ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ ፊቱን ሸፍኑት!» ብሎ ጮኸ። የሚገርም ነው። ሲሰወር ፈርተውት ነበር፤ ሲታይ ደግሞ ማየት አልቻሉም።

ሮበርት ሉዊ ስቲቨንሰን በ1886 የጻፈውን የዶክተር ጄኪልንና የሚስተር ሃይድን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዶክተሩ መድኃኒት ይጠጣል፤ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ የምወደው ትዕይንት መጀመሪያው አካባቢ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሃይድ መንገድ ላይ የወደቀች ሕፃን ልጅ ረግጦ ያልፋል። ሰው ይዞ 100 ፓውንድ እንዲከፍል ያስገድደዋል። ሃይድ አንድ በር ከፍቶ ይገባል፤ 10 ፓውንድ ወርቅና ለቀረው ደግሞ ቼክ ይዞ ይወጣል። ቼኩ ላይ ያለው ፊርማ የአንድ የተከበረ ሰው ነው። ሁሉም ሐሰተኛ ቼክ መሰላቸው። ባንክ ሲወሰድ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ጄኪል በኋላ ምን ይላል መሰላችሁ? ጥፋተኛው ሃይድ ብቻ ነው ይላል። ከደሙ ንጹህ ነኝ ማለቱ ነው። ጠጪው ማነው? ከፋዩ ማነው? ፈራሚው ማነው? መድኃኒቱ ራሱ ክፉም ደግም እንዳልነበረ ጄኪል በገዛ ኑዛዜው ጽፎታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን ነን በሌላ ስም የምንሳደብበት፣ ፎቶ የሌለው አካውንት ያለን? እጅ አውጡ አላልኩም! ስቲቨንሰን ይኼን ሳያይ ነው የጻፈው።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ብዙዎቻችን ነው። እስካሁን ስለ ሠሪዎች አወራሁ። ስለሚያየው ሰውስ?

ዌልስ በ1895 በጻፈው የመጀመሪያ ልብወለዱ አንድ ሰው በጊዜ ማሽን ተሳፍሮ 802,701 ዓ.ም. ይደርሳል። እዚያ ያገኛቸው ሰዎች ቆንጆ፣ ለስላሳ፣ ሥራ የማያውቁ፣ ፍራፍሬ እየበሉ የሚስቁ ናቸው። ገነት ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ወንዝ ውስጥ ሲታጠቡ አንዷን ቁርጠት ያዛት። ውሃው ወሰዳት። ትጮኻለች። ሌሎቹ እዚያው ናቸው፤ ያያሉ። አንድም ሰው እጁን አላነሳም። ክፋት አይደለም። ጥላቻም አይደለም። ዝም ብሎ አልመጣላቸውም። ተጓዡ ገብቶ አወጣት። ዊና ትባላለች።

ልብ በሉልኝ፤ ዌልስ ገነቷ ገነት አለመሆኗን ሊነግረን ሲፈልግ ገና ከመሬት በታች ያሉትን ሰው በላዎች በደንብ አላሳየንም። በዚያች ወንዝ ጨርሶታል። ደግሞ ሌላ መራራ ነገር አለ። ያዳናት ሰውዬ በኋላ ጠላት ለመከላከል እሳት ይለኩሳል። እሳቱ ጫካውን በላው። ዊና እዚያው ቀረች።

የማርስ ወረራ ታሪኩንም በአጭሩ ልጥቀሰው፤ 1898 ነው። ሰው ሁሉ ጦርነቱን ያስታውሳል። እኔን የሚይዘኝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ዌልስ ማርሳውያንን ከመውቀሳችን በፊት አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሰዎች ላይ በ50 ዓመት ውስጥ ያደረሱትን እልቂት አስታውሱ ይላል። ይኼን የጻፈው የእንግሊዝ ግዛት ዓለምን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ለእንግሊዝ አንባቢ ነው። ለወገኑ አላደላም።

ከዚያ በ1909 ኢ. ኤም. ፎርስተር «ማሽኑ ቆመ» የሚል አጭር ታሪክ ጻፈ። ሰው ሁሉ ከመሬት በታች ለየብቻው ክፍል ውስጥ ይኖራል። ቁልፍ ሲጫን ምግብ ይመጣል፤ ቁልፍ ሲጫን ሙዚቃ ይመጣል። ሰው የሚተያየው በእጅ በሚያዝ ክብ ሰሌዳ ነው። ልጁ ኩኖ እናቱን ቫሽቲን «በማሽን ሳይሆን በአካል ልይሽ» ብሎ ይለምናታል። እናት ጊዜ የላትም። 1909 እኮ ነው!

በመጨረሻ እናት እያንገሸገሻት በአየር መርከብ ተሳፈረች። መንገድ ላይ ስትንገዳገድ አስተናጋጇ እንዳትወድቅ ብላ እጇን ልትይዛት ሞከረች። ቫሽቲ «እንዴት ትደፍሪኛለሽ!» ብላ ጮኸችባት። ሰው ሰውን መንካት ቀርቷል። አስተናጋጇም ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ረዳቻት!

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ። ይኼን «ሲስተሙ ነው» ልበለው።

በ1921 መጀመሪያ ፕራግ ውስጥ የካሬል ቻፔክ ተውኔት መድረክ ላይ ወጣ። «አር ዩ አር» ይባላል። ሮቦት የሚለው ስም ለዓለም የተዳረሰው ከዚህ ተውኔት ነው። የቻፔክ ሮቦቶች ብረት አይደሉም፤ እንደ ሰው ሥጋ የለበሱ፣ በፋብሪካ የሚመረቱ ሠራተኞች ናቸው። የፋብሪካው ሰዎች ዓላማ ሲሰሙት ያምራል፤ ሰውን ከድካም ማሳረፍ። ከዚያ መንግሥታት ለወታደርነት ገዟቸው። ፋብሪካው ሸጠ። ሰዎች መውለድ አቆሙ። ፋብሪካው መሸጡን ቀጠለ። ሮቦቶቹ ተነሱና ከበቧቸው።

እዚህ ጋ ቡስማን የሚባል የሒሳብ ሰው አለ። ተከበው ሞት ሲጠብቁ ማን ነው ጥፋተኛው ብለው ይጨቃጨቃሉ። ቡስማን ምን ይላል? ምርቱን ያዘዝነው እኛ አይደለንም፤ ገበያው ነው፤ ዓለም ሁሉ ሮቦት ፈለገ፣ እኛ ከጎርፉ ጋር ፈሰስን። ከዚያ ሮቦቶቹን በገንዘብ ሊያግባባ የገንዘብ ክምር ይዞ ወጣ። ኤሌክትሪክ የተለቀቀበትን አጥር ነክቶ ሞተ። አንድ ሰው ብቻ ተረፈ፤ ግንበኛው አልኩዊስት። ሮቦቶቹ የተዉት በእጁ ስለሚሠራ ነው።

የቡስማንን ንግግር ሳነብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያጋጠመኝ ትዝ ይለኛል። ስሜ መዝገባቸው ላይ በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ሠራተኛዋ መታወቂያዬን አየች። ፊቴን አየች። መታወቂያዬን ደግማ አየች። «እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ሲስተሙ አይቀበልም።»

«ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሲስተሙን ማን ነው የሚያዘው?»

እሷም አሰበች። ከምሯ ነበር ያሰበችው። ኃላፊዋን ጠየቀች። ኃላፊዋም «ሲስተሙ ነው» አለ። ሰዎቹ ትሁቶች ነበሩ፤ ወንበር ሰጥተውኛል፣ አዝነውልኛል። ግን ሦስታችንም ቆመን ማንም ሰው የሌለበትን ስክሪን እያየን ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ቀደምት ለማለት ይከብዳል፤ ግን ሳላነሳው ካለፍኩ ይቆጨኛል። በ1954 ቶም ጎድዊን የጻፈው «ቀዝቃዛዎቹ እኩልታዎች» ነው። አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ ለስድስት በሽተኞች መድኃኒት ይዛ ትበራለች። ነዳጇ ለአብራሪው ክብደት ብቻ ተለክቷል። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ወንድሟን ለማየት ተደብቃ ተሳፍራለች። እሷ ካለች መርከቧ ትከሰከሳለች፤ በሽተኞቹም ይሞታሉ። አብራሪው ይጨነቃል፤ ያስባል፤ ለወንድሟ በሬዲዮ እንድታወራ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ባዶው ጠፈር ወጣች። ታሪኩን ያወጣው መጽሔት አዘጋጅ ጆን ካምቤል ነበር። ደራሲው ልጅቷን የሚያድን ዘዴ እየፈጠረ ሲያመጣ መልሶ መልሶ አስጽፎታል።

ብዙ ሰው ያለቀሰበት ታሪክ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ምግብ አልበላ ብሎኛል። ግን ልቅሶው ሲያልፍ ቁጣ መጣ። የፊዚክስ ሕግ ገደላት ይለናል። እስቲ ቆዩ! ያለ አንዲት ጠብታ መጠባበቂያ ነዳጅ መርከብ የላከው ማነው? የፊዚክስ ሕግ ነው? ሰው ገብቶ የሚደበቅበትን በር ሳይቆልፍ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ብቻ የለጠፈው ማነው? ቁጥሩን ማን ጻፈው? እነዚያ ሰዎች ታሪኩ ውስጥ የሉም። ደራሲው በር ዘግቶባቸዋል። አብራሪውና ልጅቷ ብቻቸውን ከቁጥር ጋር ተፋጠጡ። ቡስማን ይኼን ታሪክ ቢያነብ በጣም ይወደው ነበር።

የማይስማማ ካለ በኋላ እንከራከራለን። ብዙዎች አይስማሙም፤ አውቃለሁ። «አንዳንዴ እውነትም መውጫ የለም» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ አንዳንዴ የለም። እኔ የምለው ግን፣ መውጫ የለም የሚለንን ሰው ቢያንስ ግድግዳውን ማን እንደገነባው እንጠይቀው።

ሁሉም ታሪክ ጨለማ ነው እንዳትሉኝ አንዱን ልንገራችሁ። በ1905 ሮኬያ ሳካዋት ሆሴን የተባለች የቤንጋል ሴት «የሱልታና ሕልም» የሚል አጭር ታሪክ ጻፈች። እዚያ አገር ወንዶቹ ናቸው ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚቀመጡት። ሴቶቹ በፀሐይ ሙቀት ምግብ ያበስላሉ፤ ጠላት ሲመጣም የፀሐይን ሙቀት ሰብስበው ለቀውበት ያባርሩታል። ባለቤቷ አንብቦት «የሚያስፈራ በቀል ነው!» አለ ይባላል። እኔ ሳነበው በሳቅ ነው የጨረስኩት። በሳቅ መሐል ግን «ልክ ነው ያልነው ነገር ሲገለበጥ ለምን አስጠላን?» ብላ ትወጋለች።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ አጫጭሮቹን አስቀድሙ። የሱልታናና የማሽኑ ታሪክ በአንድ ምሽት ያልቃሉ። ጄኪልም ቀጭን መጽሐፍ ነው። ፍራንከንስታይንን ስታነቡ ግን አደራ፣ እትሙን እዩ። ሜሪ ሼሊ በ1831 አሻሽላ አሳትማዋለች። በተሻሻለው እትም ቪክቶር ይበልጥ ዕጣ ፈንታው የጎተተው ሰው ነው። በ1818ቱ ግን ሲሸሽም፣ ሲተኛም፣ ዝም ሲልም ምርጫው ይበልጥ የራሱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ልጅነቷ ያጠፋባት ነገር ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ማይክሮፎኑን ለእናንተ ልልቀቅ። እዚያ ከመስኮቱ ጋ፣ እጅሽን ቀድመሽ ያወጣሽው፤ ስለ ሁለተኛዋ ፍጡር ነው አይደል? ጠርጥሬ ነበር። ተነሺ፣ እንስማሽ።